በራዲዮ ስለምትታዘዝ ጀልባና ስለ እኅቴ ልጅ

ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ገጽ ጽፈዋልና፥ እኔም በዕድሜዬ አርባውን ካለፍሁ በኋላ ስለ ያዝሁት አንድ የእጅ ሥራ ጥቂት ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ሥራውም በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ የእሽቅድምድም ጀልባ መሥራትና ማስተካከል ነው። ይህን ስትሰሙ፥ «የፍርድ ቤት ጸሐፊ መዝገቡን ትቶ በልጆች መጫወቻ ጊዜውን ያጠፋልን?» ትሉ ይሆናል። በደሴ ቧንቧ ውሃ ያሉ ጎረቤቶቼም እንዲሁ ብለዋል፤ አንዳንዶቹም ፊት ለፊት ነግረውኛል። እኔ ግን የማልተወው ስለ ምን እንደ ሆነ በሥርዓቱ ልናገር።

በመጀመሪያ ጥበቡ አዲስ አይደለም። በሎንዶን ከተማ በቪክቶሪያ መናፈሻ ኩሬ ላይ ትንንሽ የእንፋሎት ጀልባ የሚያንሳፍፍ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በዚያ ዘመን ጀልባዪቱ አንድ ጊዜ ከተለቀቀች የሚያዛት አልነበረም፤ ወይ በቀጥታ ሄዳ ከማዶ ትያዛለች፥ ወይም በኩሬው መካከል ከተተከለ ምሰሶ ጋራ በሽቦ ታስራ እንደ አውድማ በሬ ዙሪያውን ትሮጣለች። ከሩቅ ሆኖ ያለ ሽቦ ማዘዝን ለሕዝብ ያሳየው ግን፥ ከዚያም ቀድሞ፥ ኒኮላ ቴስላ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሊቅ ነው። እርሱም በ1898 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ፥ ትንሽ የብረት ጀልባ በገንዳ ላይ አንሳፎ ከዳር ሆኖ እየመራ አሳየ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የፈጠራ መብቱን ማረጋገጫ ተቀበለ። እኛ ያን ጊዜ ከዐድዋ ድል በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ አልፎን ነበር። ከተመልካቾቹ አስማት ነው ያሉ ነበሩ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ በእኛም ሰፈር ጀልባዋ ያለ ገመድ ስትዞር ያዩ አንዲት ባልቴት ሦስት ጊዜ አማትበው መንገዳቸውን ቀጥለዋል።

በአገራችንም ቢሆን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ በእንፋሎት መርከብ አምሳል ትልልቅ የደንገል ታንኳ አሠርተው፥ በእጅ የሚዞር መዘውር በጎኑ አስገጥመው እንደ ሞከሩ፥ ከእስረኞቻቸው አንዱ የነበረው ዶክተር ብላንክ በመጽሐፉ ጽፎታል። ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ከውሃ ዳር ቆመው የመዘውርን ነገር ከመረመሩ፥ አንድ ጸሐፊ ከገንዳ ዳር ቢቀመጥ ማዕርጉን የሚያዋርድ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤቴ ነገር ልግባ። ታላቅ እኅቴ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከአንድ ወንድ ልጇ ጋራ በእኔ ግቢ ትኖራለች። ልጁ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈተነ፤ በዚያ ዓመት በመላው አገር ከተፈተኑት ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩና እርሱም ከብዙዎቹ ጋራ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተኝቶ ያረፍዳል፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋራ ይሰወራል፤ ስልኩ ሲደወል ተነሥቶ ወደ ደጅ ይወጣል። እናቱ፥ «ሥራ እየፈለገ ነው» ትለኝ ነበር። የእኔ እንጀራ ግን የሰው ቃል መጻፍ ነው። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. በወጣው በ1178 ቁጥር አዋጅ የተከሰሱ ደላሎች ጉዳይ ሲሰማ፥ የእናቶችን ምስክርነት በእጄ ጽፌአለሁ። ቃላቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አጀማመር አለው፤ «ስልክ ይደወልለት ነበር፤ ወደ ደጅ ወጥቶ ይነጋገር ነበር» ይላል።

መንገዱንም ከዚያው መዝገብ አውቀዋለሁ። በኮምቦልቻ ወርዶ፥ በባቲ አልፎ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል፤ ከዚያ ኦቦክ ከሚባለው ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ። ባሕሩ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፥ የልቅሶ በር ማለት ነው። ከጠባቡ ስፍራ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ካለው መንገድ እምብዛም አይበልጥም። ደላሎችም ለልጆቹ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «ከዚህ እስከ ሐይቅ ማለት ነው፤ አንድ ሌሊት አይሞላም» ይሏቸዋል።

ልጁን ጠርቼ ብቆጣው፥ የተቆጡት ልጅ በሌሊት እንደሚወጣ ከዚያው መዝገብ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ እጁን እመለከት ጀመር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተበላሸ ራዲዮ ሲያገኝ መፍታት ይወድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፥ ጎረቤት የጣለውን በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ፈትቶ ሞተሩን በእጁ ይዞ ሲያገላብጥ አገኘሁት። «ይህ ሞተር ጀልባ ይነዳልን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፥ ውሃው የት አለና?» አለኝ።

«የምንኖረው ቧንቧ ውሃ አይደለምን?» ብለው ሳቀ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

የጀልባዋን ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ የጂኦሜትሪ ትምህርት ከዚያ ወዲህ ሥራ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ኖኅ መርከብ ልክ ሰምቼ ነበር፤ ርዝመቷ 300 ክንድ፥ ወርዷ 50፥ ቁመቷ 30 ነው፤ ማለት ርዝመቷ የወርዷን ስድስት እጥፍ ይሆናል። የእኛይቱ ግን 60 ሴንቲ ሜትር በ20 ናት፤ ሦስት እጥፍ ብቻ። ልጁ ስለ ምን አጠርናት ቢለኝ፥ የኖኅ መርከብ የተሠራችው ለመቆየት እንጂ ለመሮጥ አይደለም አልሁት። የእሽቅድምድም ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች አትሄድም፤ ፍጥነት ስታገኝ በውሃው ላይ ትወጣና እንደ ተወረወረ ጠፍጣፋ ድንጋይ በላዩ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ኋላዋ ሰፊ፥ ከግርጌዋ ያለው ጠርዝ እንደ ቢላ የተሳለ መሆን አለበት፤ ጠርዙ ከተድበለበለ ውሃው ከሥሯ አልላቀቅ ብሎ ወደ ጎን ይልሳታልና።

ቀፎዋን በ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሠራን። አምስት የውስጥ ግድግዳ አቁመን፥ ጎንና ጎኑን በኮላ አያይዘን፥ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነን፥ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን ሦስት ጊዜ ቨርኒሽ ቀባናት። ይህ ሁሉ አንድ ወር ፈጀ። ስለ ቀለሟ የነበረውን ክርክር ልተወው፤ እኅቴ ቢጫ አለች፥ ቢጫ ሆነች።

ስለ ሞተር ግን ለአገራችን የሚጠቅም ነገር አለና ጥቂት ልቆይበት። በውጭ አገር እሽቅድምድም ከሚደረግባቸው ጀልባዎች ብዙዎቹ ከሜታኖል፥ ከናይትሮሜቴንና ከዘይት በተቀላቀለ ነዳጅ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ሞተር አየር ይተነፍሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ናትና፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። ደግሞ ከዚህ የተስተካከለው ሞተር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፥ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየር ይበዛበትና ነዳጅ ያንሰዋል፤ የነዳጁን መመጠኛ ብሎን ትንሽ ካላላሉለት ግሎ ይበላሻል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፤ ለደገኛም ለቆለኛም አንድ ነው። እኛ የትራፓኖውን ሞተር የያዝነው በድኅነት ቢሆንም ለተራራ አገር የሚስማማው እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ባትሪውን ልጁ ከአሮጌ ላፕቶፕ አወጣው። ክብ ክብ ሆነው 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ፥ 65 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ናቸው፤ 18650 የሚባሉትም ከዚሁ ልክ የተነሣ ነው። እያንዳንዱ 3.7 ቮልት አለውና ሦስቱ በተራ ሲያያዙ 11.1 ይሆናሉ። ይህን ባትሪ ለልጆቻችሁ የምትሰጡ ሁሉ ተጠንቀቁ፤ ጫፍና ጫፉ በብረት ቢገናኝ ወይም ቢበሳ በእሳት ይነዳል።

ራዲዮውን በመጀመሪያ ከመጫወቻ መኪና ወሰድን፤ በ27 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። እርሱ የሚያውቀው ቀኝ፥ ግራና ሂድ ብቻ ነው፤ በጥቂቱ ታጠፊ ማለት አይችልም። በኋላ ከአዲስ አበባ፥ ከመርካቶ፥ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ አስመጣን። የዚህኛው ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ስለዚህ በጀልባዋ ውስጥ ያለው የመስሚያው ሽቦ ልብሱ የተገፈፈው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ የማያውቅ ሰው አጥሯል ብሎ ቢያስረዝመው ወይም ተርፏል ብሎ ቢቆርጠው መስሚያው ይደነቁራል። ሞገዱም ውሃን ሰርስሮ ማለፍ አይችልምና ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ከጀልባዋ ጀርባ በላይ አቆምነው። ልጁ ይህን ሁሉ በሁለት ሌሊት በስልኩ አንብቦ ለእኔ አስተማረኝ። ስልኩ ለዚህም እንደሚያገለግል ያን ጊዜ አየሁ።

ከዚህ በኋላ ማስተካከል የሚባለው መጣ፤ መሥራት አንድ ወር ከፈጀ ማስተካከል ሦስት ወር ፈጀ። እኅቴ ለልብስ ማጠቢያ ያስቀመጠችውን፥ ቁመቱን ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ለምነን ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ሞላነው። ፕሮፔለሩን፥ ማለት ከጀልባዋ ኋላ ሆኖ ውሃውን የሚገፋውን ባለ ሁለት ምላስ መዘውር፥ ልጁ ከነሐስ በሴጌቶ ቆርጦ ሠራው። በቀጭን መርፌ ላይ ሰክቶ በሁለት ምላጭ ስለት ላይ ሲያስቀምጠው የከበደው ምላስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያን በሞረድ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ሁለቱ ምላሶች እኩል ሆነው እስኪቆሙ ድረስ እንዲሁ ይደጋግማል። የመጀመሪያው ትልቅ ነበርና ባትሪው ጋለ፤ የፕሮፔለር ወርድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲጨምር የሞተሩ ሸክም እጅግ ይጨምራልና። ሁለተኛውን አሳነሰው። ፕሮፔለሩን ከሞተሩ ጋራ የሚያገናኘው ዘንግ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ያንን ቱቦ ግራሶ ሞልተን ውሃ እንዳይገባበት አደረግን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክብደት ነገር ነው። ፈጣን ጀልባ ሚዛኗ ከኋላዋ ጫፍ ሲለካ ከርዝመቷ 30 በመቶ ገደማ ላይ መሆን አለበት፤ ለእኛይቱ 18 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ባትሪው ወደ ፊት ከቀረበ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ ትንፏቀቃለች፤ ወደ ኋላ ከራቀ እንደ ፈሪ በቅሎ ግንባሯን እያነሣች ትጥላለች። ፕሮፔለሩም ወደ አንድ ወገን ሲዞር ቀፎዋ ወደ ሌላው ትዘነብላለች፤ ይህን ለማቃናት ባትሪውን ከመካከል ወደ ጎን ጥቂት ማስጠጋት ይገባል። አንድ ጣት ያህል ባትሪ ማንቀሳቀስ አዲስ ሞተር ከመግዛት ይልቅ እንዲጠቅም ልጁ ሲያይ፥ እኔ ችሎት ውዬ እስክመለስ ድረስ ከበርሜሉ አጠገብ አይነሣም ነበር። ስልኩም እቤት ውስጥ ይጮህ ነበር።

በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን፥ በአብያን ጠረፍ፥ በብዙ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተሰማ። ዜናውን ማታ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን ሰማን። እኅቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ እኔም ምንም አልተናገርሁም።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ በርሜሉ ሞልቶ፥ ቢጫዪቱ ጀልባ ያለ ሞተር በላዩ ተንሳፍፋ አገኘሁ። ልጁ ከዕቃ ሣጥኑ ብሎኖች አውጥቶ በክብደት እኩል እኩል አድርጎ በጨርቅ ቋጥሯል። በመጀመሪያ ቋጠሮዎቹን ከሆዷ ወለል ላይ ደረደራቸው፤ በጣቱ ገፋ ሲያደርጋት ዘንበል ብላ ተመልሳ ቆመች። ቀጥሎ እነዚያኑ ቋጠሮዎች፥ አንድም ሳይጨምር፥ ከጀርባዋ ላይ ቁልል አደረጋቸው። በጣቱ ነካት፤ ዘንበል አለች፤ ቋጠሮዎቹ ወደ ዘነበለችበት ወገን ተንሸራተቱ፤ ተገለበጠች። ሁለተኛ አደረገው፤ ሦስተኛም አደረገው።

«ጋሼ፥ ሰዎቹ ቆመው ነው የሚሄዱት፤ ቪዲዮ ልከውልኝ አይቻለሁ፤ መቀመጫ የለም» አለኝ።

ማን እንደ ላከለት አልጠየቅሁትም። ይልቁንም ጭነቱ ከፍ ባለ መጠን የጀልባ መመለሻ ኃይሏ እንዴት እንደሚያንስ በወረቀት ላይ ነድፌ አሳየሁት። ማዕበል ብቻውን ጀልባን የሚገለብጥ ይመስለናል እንጂ፥ አንድ ወገን የቆሙት ሰዎች ደንግጠው ወደ ሌላው ሲሮጡ ያለ ማዕበልም ትገለበጣለች። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን በኋላ በጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ ፎም ሞላበት፤ ብትገለበጥም እንዳትሰጥም ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲገባ ወደ ሐይቅ ወሰድናት። ቦርከና ወንዝ ቢቀርበንም ድንጋይ የሞላበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሐይቅ ግን፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ታላቁን የእስጢፋኖስ ገዳም ያጸኑበት ስፍራ፥ መውጫ ወንዝ የሌለው፥ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ሁለት እንጨት በ50 ሜትር ርቀት ከዳር ተከልን። በመጀመሪያ በ9 ሰከንድ አለፈችው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ልጁ ባትሪውን በሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሳበው፤ በ7 ሰከንድ አለፈች፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ተጠጋች። የባሕር ማዶዎቹ ከ100 በላይ የሚሮጡ ናቸው፤ ነገር ግን አፍንጫዋን አቅንታ፥ ከኋላዋ ነጭ ውሃ እየረጨች ስትመለስ ያየ ሰው ስለ እነርሱ አያስብም። አሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ትተው መጡ። በአራተኛው ዙር ቄጤማ በፕሮፔለሩ ተጠምጥሞ ከሩቅ ቆመችብን፤ አንድ አስጋሪ በታንኳው ሄዶ አመጣልን፥ ለድካሙም ብር አልቀበልም ብሎ መቆጣጠሪያውን ለአንድ ዙር ለመነ።

ወደ ደሴ ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ ልጁ ጀልባዋን በጭኑ አቅፎ፥ «ቀኔ ጳጉሜን ሦስት ነበረ» አለኝ። ከኪሱም በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጣ። የእናቱ የአንገት ወርቅ ነበር፤ በሰኔ ወር ጠፋ ብላ ስታለቅስ ቤቱን ሁሉ አገላብጠን የፈለግነው። ለደላላው መያዣ ሊሰጠው ወስዶ እስካሁን በእጁ ይዞታል። «እርስዎ ይስጧት» አለኝ። እኔም፥ «የወሰደ እጅ ይመልስ» አልሁት። ማታ ሰጣት። ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም፤ በሩን ዘግተው ነበርና ወደ መኝታዬ ሄድሁ።

ዛሬ በሰኞ ገበያ አጠገብ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ እየዋለ ይሠራል፤ ደመወዙ ጥቂት ነው። ስልኩ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ይደወላል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ደጅ ይወጣል። ሁልጊዜ እንደሚቀመጥልን ተስፋ እንጂ ዋስ የለኝም። ሁለተኛይቱን ጀልባ ጀምረናል፤ ይህችኛይቱ ባለ ሁለት ሞተር ስለሆነች ፕሮፔለሮቿ ወደ ተቃራኒ ወገን እየዞሩ ማዘንበሏን እርስ በርሳቸው ያጠፋሉ፤ ሞተሮቹም እንዳይግሉ ከአሮጌ ማቀዝቀዣ የተፈታ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ተጠምጥሞባቸው ከሐይቁ ውሃ እየሳቡ ይቀዘቅዛሉ። ቱቦውን ለማጠፍ በአሸዋ ሞልቶ በእሳት ማለስለስ ይገባል ይላል፤ ቅዳሜ ልንሞክረው ነው። እኅቴ ግን የጥምቀት ልብስ የሚታጠብበት ጊዜ ቀርቧልና በርሜሏን መልሱልኝ ብላናለች።